እሳትን ለማጥፋትና ሰውን ለማዳን አስቀድሞ ስለሚቆም ሥርዓት

በገጠር የአንድ ሰው ቤት በእሳት የተያያዘ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ ኡኡታውን ሰምቶ ይሮጣል። አንዱ በእንስራ ውሃ ያመጣል፥ አንዱ እርጥብ ቅጠል ቆርጦ ነበልባሉን ይመታል፥ ሌላውም ከጣራ ላይ ወጥቶ ሣሩን እየነቀለ ይጥላል። ይህ መረዳዳት ከአባቶች የተወረሰ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ምንጩ የራቀ፥ መሰላሉም ያልተገኘ፥ ሁሉም አዛዥ ሆኖ ታዛዥ የጠፋ እንደ ሆነ፥ የሰው መብዛትና የሰው ቅን መሆን ብቻውን ቤቱን አያድነውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ስለዚህ ነው።

ይህ ተረት በመንደር ሲነገር ትርጓሜው ቀላል ነው፤ በታላቅ ከተማ ግን ብዙ ምክርና ብዙ ገንዘብ የሚያስፈልገው ነገር ይሆናል። በከተማ ቤትና ቤት ተጣብቆ ይሠራል፤ ብዙ ሰውም በአንድ ጣራ ሥር ይተኛል፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን የማያውቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እሳት ሳይነሣ አራት ነገር መቆረጥ አለበት። አንደኛ፥ የማዳኑ ሥራ የማን ዕዳ እንደ ሆነና በእሳቱ ፊት የሚያዝዘው ማን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፥ ገንዘቡ ከማን እንደሚወጣ፤ ሦስተኛ፥ ስንት ሰው በየትኛው ስፍራ ሆኖ እንደሚጠብቅ፤ አራተኛ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚድነው ምን እንደ ሆነ።

የእንግሊዝና የስኮትላንድ ሰዎች እነዚህን አራት ነገሮች ለይቶ ለማወቅ ከ300 ዓመት የበለጠ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። አብዛኛውንም ትምህርት የተማሩት ከጥፋት በኋላ ነው። የእነርሱን ታሪክ የሚያነብ ሰው ግን ያን ሁሉ ጥፋት ሳያይ ትምህርቱን ብቻ ሊወስድ ይችላል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ስለ ሎንዶን ታላቅ ቃጠሎ

በ1666 ዓመት ሴፕቴምበር 2 ቀን ሌሊት፥ በሎንዶን ከተማ ፑዲንግ ሌን በሚባለው ጠባብ መንገድ፥ ቶማስ ፋሪነር ከሚባል ዳቦ ጋጋሪ ቤት እሳት ተነሣ። የዚያን ጊዜ የሎንዶን ቤት አብዛኛው የእንጨት ነበረ፤ በጋውም ደረቅ ነበረ፤ ነፋሱም ከምሥራቅ በኃይል ይነፍስ ነበር። በከተማው ደመወዝ ተቆርጦለት እሳት የሚያጠፋ ሠራተኛ አልነበረም። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የቆዳ ባልዲ፥ መሰላልና ቤት የሚጎትቱበት ረጅም የብረት ሜንጦ ይቀመጥ ነበር።

በዚያ ዘመን የታወቀው መድኃኒት ከእሳቱ ፊት ለፊት ያሉትን ቤቶች አፍርሶ እሳቱ የሚበላውን ማሳጣት ነው። የከተማው ከንቲባ ቶማስ ብለድወርዝ ግን ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ማን ይከፍለዋል ብለው ስለ ፈሩ ቶሎ ለማዘዝ አመነቱ። ቤቶቹ እንዲፈርሱ ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ ባዘዙ ጊዜ እሳቱ ርቆ ሄዶ ነበር። ቃጠሎው አራት ቀን ያህል ቆይቶ 13,200 ቤቶችንና 87 የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን፥ ደግሞም ታላቁን የቅዱስ ጳውሎስን ቤተ ክርስቲያን አጠፋ።

አንባቢው ይህን ያስተውል። ሜንጦው ነበረ፤ የሚጎትተውም እጅ ነበረ። የጠፋው አስቀድሞ የተሰጠ ሥልጣን ነው። ቤት እንዲፈርስ የማዘዝ መብት የማን እንደ ሆነ፥ ካሣውንም ማን እንደሚከፍል በሰላሙ ጊዜ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ፥ ከንቲባው በዚያች ሌሊት በሐሳብ ባልተያዙም ነበር።

፪ኛ፤ ስለ ዋስትና ማኅበሮች

ከቃጠሎው በኋላ የዋስትና ማኅበሮች ተቋቋሙ። ባለቤቱ በየጊዜው ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ቤቱ የተቃጠለበት እንደ ሆነ ማኅበሩ ማሠሪያውን ይሰጠዋል። ማኅበሮቹም ኪሣራቸው እንዲያንስ የቴምዝን ወንዝ ጀልበኞች እየቀጠሩ፥ ልብስ እያለበሱ፥ በእጅ የሚገፋ የውሃ መርጫ መኪና እየሰጡ እሳት አጥፊ አደረጓቸው። ዋስትና የገባውንም ቤት ለማወቅ ከግድግዳው ላይ የብረት ምልክት ይለጥፉ ነበር።

በ1700ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ደግሞ በየአጥቢያው የውሃ መርጫ መኪና እንዲኖር በሕግ ታዘዘ። መኪናው ተገዛ፤ የሠለጠነ ሰው ግን አልተመደበለትም። ስለዚህ በብዙ አጥቢያ ቆዳው ደርቆ፥ ብረቱም ዝጎ፥ በተፈለገ ጊዜ የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ዕቃ መግዛት የሥራው መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

፫ኛ፤ ስለ አንድ አዛዥ

በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ በ1824 ዓመት የከተማው ሹማምንትና የዋስትና ማኅበሮች ተባብረው አንድ የእሳት አጥፊዎች ጭፍራ አቆሙ። አለቃው ዕድሜያቸው 24 ዓመት ያህል የሆነው ጄምስ ብሬድውድ ነበሩ። እርሳቸውም ጣራ ሠሪዎችን፥ አናጢዎችን፥ ግንበኞችንና የቧንቧ ሠራተኞችን መርጠው ወሰዱ፤ የቤትን አሠራር የሚያውቅ ሰው ጢስ በሞላበት ቤት ውስጥ መንገዱን አይስትምና። ሌሊት ሳይነጋ እያስነሡ ያለማምዷቸው ነበር። ውሃውንም ከመንገድ ላይ ቆሞ ወደ ነበልባሉ መርጨት ከንቱ እንደ ሆነ፥ ወደ ቤቱ ገብቶ እሳቱ ከሚነሣበት ከሥሩ ማጥፋት እንዲገባ አስተማሩ።

ጭፍራው በተቋቋመ በጥቂት ሳምንት፥ በኖቬምበር ወር፥ በከተማው ታላቅ ቃጠሎ ተነሥቶ ብዙ ቀን ቆየ፤ ብዙ መቶ ቤተ ሰብም ያለ መጠጊያ ቀረ። በዚያን ጊዜ የከተማው ሹማምንት እየመጡ እያንዳንዳቸው ልዩ ልዩ ትእዛዝ ይሰጡ ስለ ነበር ሠራተኞቹ ማንን እንደሚሰሙ ግራ ገባቸው። ነገሩ በኋላ በተመረመረ ጊዜ በእሳቱ ፊት የሚያዝዘው አለቃው ብቻ እንዲሆን ተቆረጠ። ሹማምንት በጉባኤያቸው ይመክራሉ፥ ይሾማሉ፥ ገንዘብ ይመድባሉ፥ ከሥራው በኋላም አለቃውን ይጠይቃሉ፤ እሳቱ በሚነድበት ሰዓት ግን እነርሱም ለአለቃው መንገድ ይለቃሉ።

፬ኛ፤ ንብረትና ነፍስ በአንድ ሥርዓት ሥር ስለ መግባታቸው

በ1833 ዓመት በሎንዶን አሥር የዋስትና ማኅበሮች እሳት አጥፊዎቻቸውን አንድ አድርገው ብሬድውድን ከኤዲንብራ አስመጥተው አለቃ አደረጓቸው። ደመወዝተኞቹ 80 ያህል ነበሩ። ሥራቸው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ማኅበሮቹ ዋስ የሆኑበትን ንብረት መጠበቅ ነበረ። በእሳት መካከል የተያዘውን ሰው ለማውጣት በ1836 ዓመት ሌላ ማኅበር ተቋቋመ፤ እርሱም ከበጎ አድራጊዎች በሚሰበሰብ ገንዘብ በጎማ የሚሄድ ረጅም መሰላል ሌሊት ሌሊት በየመንገዱ መገናኛ ከነጠባቂው ያቆም ነበር። እንግዲህ በዚያች ባለጸጋ ከተማ ለንብረቱ የተቆረጠ ደመወዝ ነበረለት፤ ነፍስን የማዳኑ ሥራ ግን በልመና ገንዘብ ይኖር ነበር።

በ1861 ዓመት ጁን 22 ቀን በቴምዝ ዳር ቱሊ በሚባለው መንገድ ጥጥ፥ ቃጫ፥ ሞራና ስኳር የተከማቸባቸው መጋዘኖች ተቃጠሉ። ብሬድውድም ሠራተኞቻቸውን ሲያበረቱ ግድግዳ ወድቆባቸው ሞቱ። እሳቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ፤ ጥፋቱም ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። የዋስትና ማኅበሮቹም ከእንግዲህ ወዲህ ከተማውን ሁሉ ለመጠበቅ አንችልም ብለው ለመንግሥት አስታወቁ።

ስለዚህ በ1865 ዓመት ሕግ ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1866 ጀምሮ የእሳት ማጥፋቱ ሥራ የሕዝብ ሥራ ሆነ። ገንዘቡም ከሦስት ወገን እንዲመጣ ተደረገ። የከተማው ባለቤቶች ከቤታቸው ግምት በየፓውንዱ ግማሽ ፔኒ ይከፍላሉ፤ የዋስትና ማኅበሮች ዋስ ከሆኑበት ንብረት በየ1 ሚሊዮን ፓውንዱ 35 ፓውንድ ይከፍላሉ፤ መንግሥትም በየዓመቱ 10,000 ፓውንድ ይሰጣል። በ1867 ዓመትም መሰላሎቹ ከበጎ አድራጊዎቹ ማኅበር ወደዚሁ ጭፍራ ተላለፉ። ያን ጊዜ ንብረትና ነፍስ በአንድ ሥርዓት ሥር ገቡ።

፭ኛ፤ ስለ አካባቢ ሥልጣንና ስለ አንድ መለኪያ

በ1938 ዓመት የወጣው ሕግ ከሎንዶን ውጭ ያለ ትልቁም ትንሹም የከተማና የወረዳ ምክር ቤት ሁሉ እሳት አጥፊ እንዲያቆም አዘዘ። በዚህም ምክንያት ከአንድ ሺህ የበለጡ ትንንሽ ጭፍሮች ተገኙ። በ1940ና በ1941 የጀርመን አይሮፕላኖች ከተሞቹን በቦምብ በመቱ ጊዜ አንዱ ከተማ ለሌላው ርዳታ ይልክ ነበር። ነገር ግን የአንዱ የውሃ ቱቦ መጋጠሚያ ከሌላው ከተማ ቧንቧ ጋር የማይገጥም ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ሰዎቹ በሰዓቱ ደርሰው፥ ውሃውም በአጠገባቸው ሳለ፥ በአንዲት የብረት ቀለበት ምክንያት ቆመው ቀሩ።

ስለዚህ በኦገስት 1941 ጭፍሮቹ ሁሉ በአንድ አገራዊ አለቅነት ሥር ተጠቃለሉ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1947 በወጣው ሕግ መሠረት፥ ከኤፕሪል 1 ቀን 1948 ጀምሮ ሥራው እንደ ገና ለአካባቢ ምክር ቤቶች ተመለሰ፤ ነገር ግን ለአውራጃዎችና ለትልልቅ ከተሞች እንጂ ለትንንሾቹ አልተሰጠም። መንገዱን፥ ወንዙንና ቤቱን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ስለ ሆነ አስተዳደሩ በአካባቢ መቆየቱ ይጠቅማል። መጋጠሚያው፥ ሥልጠናውና የትእዛዙ ቃል ግን በአገር ሁሉ አንድ መሆን አለበት።

፮ኛ፤ በዛሬው ዘመን የሚያስተዳድረው ማን እንደ ሆነ

በእንግሊዝና በዌልስ ዛሬ ሥራው የሚመራው በ2004 ዓመት በወጣው ሕግ ነው። ሕጉ የእሳት ማጥፊያውን ባለሥልጣን በግልጽ የሚያስገድደው በእነዚህ ነገሮች ነው፤ ሕዝብን ከእሳት ስለ መጠንቀቅ ማስተማር፥ እሳት በተነሣ ጊዜ ማጥፋትና ነፍስንና ንብረትን ማዳን፥ በመንገድ ላይ በተሽከርካሪ አደጋ የተያዘውን ሰው ማውጣት፥ ሌላም በትእዛዝ የሚነገር ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ መርዳት። ስኮትላንድ ግን የራስዋ ሕግ አላት፤ በዚያም ከ2013 ዓመት ጀምሮ ስምንቱ ጭፍሮች አንድ ሆነዋል።

ባለሥልጣን የሚባለው በአብዛኛው ስፍራ ሕዝብ ከመረጣቸው የምክር ቤት አባሎች የተሰበሰበ ጉባኤ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ ሕዝብ የመረጠው ከንቲባ ወይም ኮሚሽነር ይይዘዋል። ባለሥልጣኑ ዕቅዱንና በጀቱን ያጸድቃል፤ የጭፍራውም አለቃ ስለ ሥራው ምላሽ የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ገንዘቡም ከነዋሪው የቤት ግብር፥ ከነጋዴው ግብርና ከማዕከላዊው መንግሥት ድጎማ ይመጣል። በእንግሊዝ ደግሞ ከ2018 ዓመት ጀምሮ መርማሪዎች እየዞሩ የእያንዳንዱን ጭፍራ ሥራ አይተው ያገኙትን ለሕዝብ አትመው ያወጣሉ፤ ጉድለት ያለበትም በስሙ ይነገራል።

፯ኛ፤ ዕቅዱ እንዴት እንደሚሠራ

አንድ መኪና ሌሊትና ቀን ዝግጁ ሆኖ እንዲቆም ስንት ሰው ያስፈልገዋል ቢባል፥ ነገሩ ለሒሳብ ተማሪ የሚገባ ጥያቄ ነው። በሳምንት 168 ሰዓት አለ። በዚያ አገር የሙሉ ጊዜ እሳት አጥፊ የሚሠራው በሳምንት 42 ሰዓት ነው። 168 ለ42 ሲካፈል 4 ይሆናል። ስለዚህ በመኪናው ላይ ለሚቀመጥ ለአንድ ሰው ስፍራ አራት ሰው መቀጠር አለበት፤ አምስት ሰው ለሚይዝ መኪናም 20 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የታመመውና ዕረፍት የወጣው ሲታሰብ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ገንዘብ ልክ ስላለው በአንዱ መንደር የቆመ መኪና ከሌላው መንደር የጎደለ መኪና ነው። የዕቅድ ጭንቁ ይህ ነው።

ስለዚህ በገጠርና በትንንሽ ከተማ በጥሪ የሚመጡ እሳት አጥፊዎች አሉ። እነርሱም ገበሬ፥ ባለሱቅ ወይም መምህር ሆነው የየዕለት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ጥሪ ሲመጣ ሥራቸውን ትተው በጥቂት ደቂቃ ወደ ጣቢያው ይደርሳሉ። ሥልጠናና ክፍያ አላቸው።

መኪናዎቹ የት እንዲቆሙ በመቁረጥ ነገር የቀድሞው ደንብ አገሩን በአራት ክፍል ይለየው ነበር። ትልልቅ ሱቅና ፋብሪካ በተከማቸበት በመጀመሪያው ክፍል ሁለት መኪናዎች በ5 ደቂቃ፥ ሦስተኛው በ8 ደቂቃ እንዲደርሱ፤ ቤት በተራራቀበት በመጨረሻው ክፍል ግን አንድ መኪና በ20 ደቂቃ እንዲደርስ ታዝዞ ነበር። ይህ ደንብ የሚቆጥረው ከሁሉ ይልቅ ሕንጻን ነበረ። ሰው በእሳት የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ በተኛበት ቤት ነው፤ ይልቁንም ሽማግሌ፥ በሽተኛና ብቻውን የሚኖር ሰው ይጎዳል። ሌሊት ባዶ የሆነው የገበያ ሰፈር ብዙ መኪና ሲጠብቀው፥ ሰው የሚተኛበት ሰፈር ጥቂት ይጠብቀው ነበር። የዋስትና ማኅበሮች ዘመን ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላም አሳባቸው በደንቡ ውስጥ ተደብቆ ይኖር ነበር ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ያ ደንብ ቀርቶ፥ እያንዳንዱ ባለሥልጣን የራሱን አገር አደጋ መርምሮ ዕቅድ እንዲጽፍ ታዘዘ። የዕቅዱም አሠራር ይህ ነው። በመጀመሪያ ባለፉት ዓመታት እሳትና ሌላ አደጋ የደረሰበት ስፍራና ሰዓት ይቈጠራል፤ ደካማ ሰዎች የሚኖሩበት፥ ወንዝ የሚሞላበት፥ ተሽከርካሪ የሚጋጭበት ስፍራ ሁሉ ይጻፋል። ሁለተኛ፥ አደጋው እንዳይነሣ ምን እንደሚደረግ ይታሰባል፤ እሳት አጥፊዎች ወደ ደካሞቹ ቤት ሄደው ይመክራሉ፥ ጢስ ሲነካው የሚጮኽ ትንሽ ደወልም ይሰቅሉላቸዋል። ሦስተኛ፥ ለተነሣው አደጋ ስንት ሰውና መኪና ከየት እንደሚወጣ ይቆረጣል። አራተኛ፥ ረቂቁ ለሕዝብ ይገለጣል፤ ጣቢያ ይዘጋብናል የሚል ነዋሪ ካለ ቃሉን ይሰጣል። በመጨረሻም ባለሥልጣኑ አጽድቆ ያወጣዋል። በእንግሊዝ ይህ ዕቅድ ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ የሚበቃ እንዲሆን ታዝዟል።

፰ኛ፤ ዕቅድ ሲያረጅ ስለሚያመጣው ጥፋት

ዕቅድ መጻፉ ብቻ አይበቃም። በ2017 ዓመት ጁን 14 ቀን በሎንዶን ግሬንፌል በሚባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንጻ እሳት ተነሣ። ለእንደዚህ ያለ ሕንጻ የነበረው ምክር፥ እሳቱ ከተነሣበት ክፍል በቀር ሌላው ነዋሪ ቤቱን ዘግቶ ይቆይ የሚል ነበር። ይህም ምክር እያንዳንዱ ክፍል እሳትን አግዶ እንዲይዝ ሆኖ ስለሚሠራ ትክክል ነበረ። ነገር ግን ሕንጻው ከጥቂት ጊዜ በፊት ሲታደስ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ በመካከሉ ያለበት የብረት ልባጥ በውጭ ተለብዶበት ነበር። እሳቱም በልባጡ ላይ ተያይዞ ወደ ላይ ወጣ።

የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነው። ነዋሪዎቹ በቤታችሁ ቆዩ መባላቸው ተትቶ ውጡ የተባሉት 8 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ነው። 72 ሰዎች ሞቱ። ነገሩን የመረመረው ጉባኤ በ2019ና በ2024 ባወጣው ጽሑፍ፥ ልባጡን የሠሩትንና የሸጡትን፥ ሕንጻውን ያደሱትን፥ ደንቡን የጠበቁ መስለው የተዉትን ሁሉ ወቀሰ። የእሳት አጥፊዎቹንም አስተዳደር፥ ሕንጻው ሁሉ በእሳት በተያዘ ጊዜ ነዋሪውን ለማስወጣት የሚሆን ዕቅድና ልምምድ አላዘጋጀም ብሎ ወቀሰው። በመሰላሉ ላይ የወጡት ሰዎች ድፍረት አልጎደላቸውም። በ2009 ዓመት በዚያው ከተማ ላካናል በሚባለው ሕንጻ ስድስት ሰዎች በእሳት ሞተው ስለ ነበር፥ ማስጠንቀቂያው ስምንት ዓመት ቀድሞ መጥቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለታላቅ ከተማ ብቻ የሚሆን አይደለም። መኪናና ጣቢያ የሌለው መንደርም በጉባኤው ተቀምጦ ሊቆርጠው የሚችለው ነገር አለ። እሳት በተነሣ ጊዜ የሚያዝዘው ማን ነው? እርሱ ባይገኝ ተተኪው ማን ነው? መሰላሉና ገመዱ በማን ቤት ይቀመጣል፥ በዓመት ስንት ጊዜስ ይታያል? በበጋ ውሃ የሚገኘው ከየት ነው? ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፥ መሄድ የማይችል ሕመምተኛ፥ ሕፃናት ብቻቸውን የሚውሉበት ቤት የቱ ነው፥ እነርሱንስ ለማውጣት የተመደበው ማን ነው? ተማሪዎች የመንደራቸውን ቤቶች ቈጥረው፥ ከየቤቱ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክተው በወረቀት ቢጽፉት ለሽማግሎቹ ምክር መነሻ ይሆናቸዋል። ወረቀቱም አንድ ጊዜ ተጽፎ እንዳይቀር በየዓመቱ ይታደስ፤ አዲስ ቤት ይሠራልና፥ ምንጭም ይደርቃልና፥ ትናንት ብርቱ የነበረውም ሰው ዛሬ ይደክማልና።